ምርጫው የሴቷ ነው ያለው ሊቅ

ከቻርልስ ዳርዊን የሕይወት ታሪክ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት የሠርግ ዝግጅት ያያል። አንደኛው የሰው ነው። መስቀል በደረሰ ጊዜ የጉራጌ ተወላጅ በንግድም ሆነ በመንግሥት ሥራ ከተበተነበት ከተማ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል፤ ክትፎው ይከተፋል፣ ቆጮው ይጋገራል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ልጅ ይታጫል። በክስታኔ ምድርም ጎረምሶችና ልጃገረዶች በአዳብና ጨዋታ እየተገናኙ ይጨፍራሉ፤ እየጨፈሩም ይተያያሉ፣ ይመራረጣሉ። ሁለተኛው ሠርግ ግን የወፎች ነው። በበጋ ከድንቢጥ የማይለየው ትንሽ ወንድ ወፍ፣ ዝናሙ ሣሩን ባስረዘመው ጊዜ ጥቁር ካባ ይደርባል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ ጌጥ ያደርጋል፤ አንዳንዱም ከገላው የሚበልጥ ጅራት አብቅሎ ከሣሩ በላይ ሲንሳፈፍ ይውላል። ሴቷ ግን ያንኑ ቡናማ ልብሷን እንደ ለበሰች ከሣሩ ውስጥ ቁጭ ብላ ትመለከተዋለች።

ይህን ወፍ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ አይተነዋል፤ ሮጠን ልንይዘውም ሞክረናል። ነገር ግን ወንዱ ለምን ያጌጣል? ሴቷስ ስለ ምን አታጌጥም? ያ ሁሉ ጅራት ለመብረር እንቅፋት ከመሆንና ለጭልፊት ዓይን ከማጋለጥ በቀር ለወፉ ምን ይረባዋል? ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ አንሥቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያሰላሰለው ሰው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ነው።

የዳርዊን ስም በተማሪ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ክርክር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ብዙ ያልተነገረለትን ሌላውን ዳርዊን ነው። ይህ ዳርዊን ስለ እንስሳት መተጫጨት ትልቅ መጽሐፍ የጻፈ፣ በመተጫጨትም ጊዜ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ናት ብሎ ያስተማረ፣ ራሱ ሚስት በሚፈልግበት ጊዜ ግን እንደ ቀልድ ተውኔት የሚያስቅ ሥራ የሠራ ሰው ነው። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዘመናት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቻርልስ ዳርዊን በ1809 የካቲት ወር በምዕራብ እንግሊዝ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሮበርት ዳርዊን በአካባቢው የታወቁ ባለጸጋ ሐኪም ነበሩ፤ እናቱ ሱዛና ደግሞ በሸክላ ሥራ ዓለም ካወቀው ከዌጅዉድ ቤተ ሰብ የተወለዱ ነበሩ። እናቱ የሞቱት እርሱ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ስለሆነ ያሳደጉት ታላላቅ እኅቶቹ ናቸው። አያቱ ኢራስመስ ዳርዊንም ሐኪምና ባለቅኔ ነበሩ። በ1789 ባሳተሙት ረጅም ግጥም የአበባን ወንዴና ሴቴ እንደ ሙሽራና እንደ ሙሽሪት አድርገው አቅርበው አንባቢውን ሲያስቁና ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስለዚህ የፍጥረትን ሠርግ መመልከት ለልጅ ልጃቸው የቤት ወግ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልጁ ግን በትምህርት ቤት ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። ሲያድን ይውላል፤ ከውሾች ጋር ይሮጣል፤ ድንጋይና ጥንዚዛ ይሰበስባል። አባቱም ይህ ልጅ ለራሱም ለወገኑም ማፈሪያ እንዳይሆን ይሰጉ ነበር። በ1825 ሕክምና እንዲማር ወደ ኤዲንብራ ላኩት። በዚያ ዘመን ማደንዘዣ ገና አልተገኘም ነበርና፣ አንድ ሕፃን በቁሙ በስለት ሲቀደድ አይቶ ከአዳራሹ ሸሽቶ ወጣ፤ ወደ ሕክምናም አልተመለሰም። ከዚህ በኋላ ቄስ እንዲሆን ወደ ካምብሪጅ ተላከ። በካምብሪጅም ከመንፈሳዊው ትምህርት ይልቅ የያዘው የጥንዚዛ ፍቅር ነበር። አንድ ቀን በሁለቱም እጆቹ ሁለት ብርቅ ጥንዚዛዎች ይዞ ሳለ ሦስተኛውን ቢያይ፣ አንዱን ወደ አፉ ወርውሮ ሦስተኛውን ሊይዝ ተንደረደረ። አፉ ውስጥ የገባውም ጥንዚዛ የሚያቃጥል ፈሳሽ ለቀቀበትና ተፍቶ ጣለው።

በዚሁ በወጣትነቱ ዘመን ፋኒ ኦወን የምትባል የጎረቤት ልጅ ወድዶ ነበር። ፋኒ ፈረስ የምትጋልብ፣ ጠመንጃ ለመተኮስ የማትፈራ፣ ደብዳቤዋም ጨዋታ የሞላበት ነበር። ዳርዊን ግን ዕረፍት በደረሰ ጊዜ እንኳ ጥንዚዛውን ትቶ ወደ እርሷ ለመሄድ ይዘገይ ነበር። በ1831 ታኅሣሥ መጨረሻ ቢግል በምትባል የንጉሥ መርከብ ተሳፍሮ ዓለምን ለመዞር ሄደ። መርከቢቱ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ብራዚል ደርሳ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ባረፈች ጊዜ ከአገር ቤት ደብዳቤ ደረሰው፤ ፋኒ ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር። ኋላ ስለ መተጫጨት ዓለምን የሚያስተምረው ሰው የመጀመሪያ ፍቅሩን በራሱ መዘግየት አጣ።

የቢግልን ጉዞ እዚህ በዝርዝር አንተርከውም። የመርከቢቱ አዛዥ ካፒቴን ፊትዝሮይ የሰውን ጠባይ በአፍንጫው ቅርጽ እለያለሁ የሚል ሰው ስለ ነበረ፣ በዳርዊን አፍንጫ ምክንያት ሊመልሰው ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ብቻ እናስታውሳለን። ጉዞው 5 ዓመት ያህል ፈጀ። ደቡብ አሜሪካን፣ የጋላፓጎስን ደሴቶች፣ አውስትራሊያን አይቶ በ1836 ጥቅምት ወር ሲመለስ ዳርዊን ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ስሙ በሊቃውንት ዘንድ ታውቋል፤ ሣጥኑ በአጥንትና በወፍ ቆዳ ተሞልቷል፤ በልቡም የፍጥረት ዓይነቶች በዘመን ብዛት ይለወጣሉ የሚል ሐሳብ ተፀንሷል።

ላግባ ወይስ ልቅር

በ1838 ክረምት ዳርዊን 29 ዓመቱ ነበር፤ በለንደን ከተማ ብቻውን ይኖራል። አንድ ቀን ወረቀት አነሣና መካከሉን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን የማግባትን፣ በሌላው ወገን ያለማግባትን ጥቅም እንደ ነጋዴ ሒሳብ ይጽፍ ጀመር። ካላገባ ወደ ፈለገው አገር ይሄዳል፤ ከብልህ ሰዎች ጋር በክበብ ይጫወታል፤ ዘመድ ለመጠየቅ አይገደድም፤ ለመጽሐፍ የሚያወጣው ገንዘብ አይጎድልበትም። ካገባ ደግሞ ልጆች ይወልዳል፤ ሲያረጅ አጠገቡ የሚቀመጥ ወዳጅ ያገኛል፤ ለዚህም ሚስት ከውሻ የተሻለች ናት ብሎ እስከ መጻፍ ደረሰ። ጊዜው እንደሚባክንና በአየር ፊኛ ለመብረር እንደማይችል አስቦ አዘነ። በመጨረሻ ግን ዕድሜውን ሁሉ እንደ ንብ ሲሠራ ኖሮ በለንደን ጭስ ውስጥ ብቻውን መሞቱ አስፈራውና ማግባት ይሻላል ብሎ ሒሳቡን ዘጋ። የዛሬው ወጣት ሹም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ደመወዝ እያሰበ በልቡ የሚጽፈው ሒሳብ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከሒሳቡ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ዳርዊን ላግባ ወይስ ልቅር ሲል ሴቲቱ እሺ ትላለች ወይስ አትልም የሚለውን በወረቀቱ ላይ አላኖረውም። ይህን የተማረው ልጅቱ ፊት በቀረበ ጊዜ ነው። ያሰባት የአጎቱ ልጅ ኤማ ዌጅዉድ ነበረች። ኤማ በዕድሜ ከእርሱ ጥቂት ወራት የምትበልጥ፣ ፒያኖ አሳምራ የምትመታ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣሊያንኛና ጀርመንኛ የምታውቅ፣ ከዚያ በፊት የመጡላትን ጠያቂዎች ሳትቀበል ያሰናበተች ሴት ነበረች። ዳርዊን መልኩ የማያምር መሆኑን አምኖ እንደማትቀበለው ይፈራ ነበር። በ1838 ኅዳር 11 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ ልቡ እየመታ ጠየቃት፤ እርሷም እሺ አለችው። ሁለቱም ነገሩ ስላስደነገጣቸው እርሱ ራሱን አመመው፤ እርሷም ልጆች ወደምታስተምርበት የሰንበት ትምህርት ቤት ሄዳ ማስተማር ቢያቅታት ትታ ተመለሰች። በቤት ያሉት ዘመዶች የሁለቱን ፊት አይተው ነገሩ ፈርሷል ብለው ነበር።

ከሠርጉ በፊት አባቱ ስለ ሃይማኖት ያለውን ጥርጣሬ ከሚስቱ እንዲሰውር መክረውት ነበር። ዳርዊን ግን ምክሩን ትቶ ለኤማ እውነቱን ነገራት። ኤማ ጽኑ አማኝ ነበረችና እጅግ አዘነች፤ በወዲያኛው ዓለም እንዳይለያዩ መፍራቷንም በደብዳቤ ጻፈችለት። ይህ ልዩነት እስከ ዕለተ ሞቱ ከመካከላቸው አልጠፋም፤ ነገር ግን ቤታቸውን አላፈረሰውም። በ1839 ጥር 29 ቀን ተጋቡ፤ በ1842 ዳውን ወደምትባል መንደር ገብተው 40 ዓመት በአንድ ቤት ኖሩ። አሥር ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱ በልጅነት ሞቱባቸው። ከሁሉም ይልቅ የ10 ዓመቷ አኒ በ1851 በሞተች ጊዜ የደረሰበት ሐዘን ከአባቷ ልብ እስከ መጨረሻው አልወጣም።

ቤታቸው ግን የጨዋታ ቤት ነበር። ማታ ማታ ባልና ሚስቱ ባክጋሞን የሚባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታሉ፤ ዳርዊንም ሁሉን የሚቆጥር ሰው ነበርና ውጤቱን በመዝገብ ይይዝ ነበር። በ1876 ሒሳቡ ሲታይ ኤማ 2,490 ጊዜ፣ እርሱ 2,795 ጊዜ አሸንፈው ነበር። ከዚያም ኤማ ልብ ወለድ ታሪክ ጮክ ብላ ታነብለታለች። ዳርዊን የሚወደው ፍጻሜው ደስታ የሆነውን፣ ቆንጆ ልጅም ያለችበትን ታሪክ ነው፤ በሐዘን የሚያልቁ ልብ ወለዶች በሕግ ቢከለከሉ እንደሚወድ በቀልድ ይናገር ነበር።

ኪስ ውስጥ የሚያድር ባል

ዳርዊን ስለ ፍጥረት መለወጥ ያለውን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ሳያሳትም አቆየ። በመካከሉም ከ1846 እስከ 1854 ድረስ 8 ዓመት ሙሉ ባርናክል የሚባለውን፣ በባሕር ድንጋይና በመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቀውን ቅርፊታም ትንሽ ፍጥረት ሲመረምር ኖረ። ሥራው ከመርዘሙ የተነሣ አንዱ ልጁ ወደ ጎረቤት ቤት ሄዶ የዚያ ቤት አባት ባርናክሉን የሚመረምረው በየትኛው ክፍል ነው ብሎ ጠየቀ ይባላል፤ አባት ሁሉ ይህን የሚሠራ መስሎት ነበር።

በዚህ ምርመራ መካከል ዳርዊን አንድ የሚያስቅ ነገር አገኘ። በአንዳንዶቹ ባርናክሎች ዘንድ ወንዱ ጠፍቶ ቆየ፤ ኋላ በአጉሊ መነጽር ሲታይ በሴቷ ቅርፊት ላይ የተጣበቀው፣ ተባይ ነው ተብሎ የታለፈው ነጥብ የሚያህል ነገር ባሏ ሆኖ ተገኘ። ሆድ የለው፣ አፍ የለው፤ ሥራው ዘር መስጠት ብቻ ነው። አንዳንዷም ሴት እንዲህ ያሉ ባሎች ሁለትና ሦስት በኪሷ ይዛ ትኖራለች። ወንድ ሁልጊዜ ጌታ፣ ሴት ሁልጊዜ ተከታይ ናት ብሎ ላደገ የዚያ ዘመን ሰው ይህ ፍጥረት ጥሩ መልስ ነበር።

በ1859 ኅዳር 24 ቀን ስለ ፍጥረት ዓይነቶች አመጣጥ የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ወጣ፤ የመጀመሪያው እትም 1,250 ቅጂ ነበር። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከሚወለዱት ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞታሉ፤ ለኑሮው የሚስማማ ትንሽ ልዩነት ያለው ይተርፋል፣ ይወልዳልም፤ ልዩነቱም ለልጆቹ ይተላለፋል፤ በዘመናት ብዛት ፍጥረቱ ይለወጣል። ይህን ሐሳብ የዛሬው የሥነ ሕይወት ትምህርት መሠረት አድርጎ ይዞታል።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት ነበረበት። ለኑሮ የሚረባው ብቻ የሚተርፍ ከሆነ የጣዎስ ጅራት ከየት መጣ? ጅራቱ ከባድ ነው፤ ለጠላት ያጋልጣል፤ ዝናም ሲመታው ይጎተታል። ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅ ሊቅ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ የጣዎስ ላባ ባየ ቁጥር እንደሚያመው ገለጸ። ይህን ያለው ላባው አስቀያሚ ሆኖበት አይደለም፤ መልስ ስላጣለት ነው።

የላባው መልስ

መልሱን ሙሉ አድርጎ ያወጣው በ1871 የካቲት ወር ባሳተመው በሁለት ክፍል በተጠረዘ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሰውን አመጣጥ የሚናገር ተብሎ ቢታወቅም ከግማሹ የሚበልጠው ስለ እንስሳት መተጫጨት ነው። ዳርዊን እንዲህ አለ። እንስሳ የሚታገለው ለመኖር ብቻ አይደለም፤ ለመጋባትም ይታገላል። ይህም ትግል ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወንድ ከወንድ ጋር የሚያደርገው ውጊያ ነው፤ የአጋዘን ቀንድ፣ የአንበሳ ጎፈር፣ የአውራ ዶሮ ሹል የእግር ጥፍር ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው ግን ውጊያ የሌለበት ነው፤ ወንዱ ያጌጣል፣ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፤ ሴቷ አይታ ትመርጣለች። ባማረው የተማረከች ሴት ልጆቿም የአባታቸውን ጌጥ ይወርሳሉ፤ እንዲሁ ሲወርድ ሲዋረድ የጣዎስ ጅራት ተሠራ። ላባውን ያሳመረው የሴቷ ምርጫ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ለመሰብሰብ ዳርዊን ከቤቱ ብዙ አልራቀም፤ ደብዳቤ ጻፈ እንጂ። ለርግብ አርቢዎች፣ ለዶሮ ነጋዴዎች፣ ለአዳኞች፣ በሩቅ አገር ለሚኖሩ ሚሲዮናውያንና ሹማምንት ጥያቄ እየላከ መልሳቸውን በየመደቡ አደላደለ። አንዱን ወዳጁን ርግቦችን በደማቅ ቀለም አቅልሞ ጓደኞቻቸው ልብ ይሉ እንደ ሆነ እንዲያይ እስከ መጠየቅ ደረሰ። በአውስትራሊያ ወንዱ ወፍ ከእንጨት ዳስ ሠርቶ፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊትና በላባ አስጊጦ፣ ሴቷን እንዴት እንደሚጋብዝ ጻፈ። በውኃ ዳር የምትኖረው ኒውት የምትባለው እንሽላሊት መሰል ፍጥረትም በመጋቢያዋ ወራት ወንዱ በጀርባው ላይ እንደ አክሊል ያለ ጌጥ እንደሚያበቅል አሳየ።

ኒውት ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። ፒ. ጂ. ዉድሃውስ የሚባለው እንግሊዛዊ የቀልድ ደራሲ በ1934 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ኒውት በማርባት ዕድሜውን ያሳለፈ አንድ ዓይን አፋር ወጣት አለ። ይህ ሰው የሚወዳት ልጅ ፊት ሲቀርብ አፉ ይያዛል፤ ኒውት ብሆን ኖሮ ጅራቴን ነቅንቄ ነገሬን እጨርስ ነበር ብሎ ይመኛል። አንባቢው የሚስቀው በእውነት ላይ ነው። እንስሳው ወቅት አለው፣ ልብስ አለው፣ የታወቀ ጭፈራ አለው፤ ሰው ግን ቃል መናገር አለበት፤ ቃሉም በሚያስፈልግበት ጊዜ ይጠፋል። በኛም አገር ጎረምሳው በአዳብና ሜዳ ሲጨፍር ጀግና ሆኖ ሳለ፣ ልጅቱን ብቻዋን ባገኛት ጊዜ ስለ ዝናሙና ስለ ገበያው ዋጋ ብቻ አውርቶ የሚመለሰው ለዚሁ ነው።

የኢትዮጵያ ዝንጀሮዎች በዳርዊን መጽሐፍ

አገራችንም ከዚህ መጽሐፍ አልቀረችም። ዳርዊን ኢትዮጵያን አላያትም፤ ነገር ግን አልፍሬድ ብሬም የሚባለው ጀርመናዊ የጻፈውን አንብቦ ስለ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎቻችን ጽፏል። አንደኛው በደጋው ገደል የሚኖረው ጭላዳ ነው፤ ሁለተኛው በቆላው የሚገኘው ሐማድርያስ የሚባለው ነው። ጭላዳዎቹ ከተራራ ወርደው ወደ እርሻ ሲገቡ ከሐማድርያሶቹ ጋር እንደሚጋጠሙና ድንጋይ እንደሚያንከባልሉባቸው ተርኳል። እንዲሁም ውሾች የከበቡትን አንድ ግልገል ዝንጀሮ ለማዳን ብቻውን ከተራራ የወረደውን ሽማግሌ ዝንጀሮ ታሪክ ከብሬም ወስዶ በመጽሐፉ መጨረሻ እንደገና አስታውሶታል፤ ከጨካኝ ሰው ይልቅ ከእንዲህ ያለው ጀግና መወለድ አያሳፍረኝም ለማለት ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የሚኖርበት አገር የለም። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ በ1835 ለአውሮፓ ሊቃውንት ካስታወቀው በኋላ በስሜንና በመንዝ ብዙ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ በደረቱም ላይ ቀይ ቆዳ ይታያል፤ ቅላቱም እንደ ክብሩ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ሴቶቹ ዘመዳሞች ሆነው ዕድሜያቸውን ሁሉ አብረው ሲኖሩ መጪና ሂያጁ ወንዱ ነው። አዲስ ወንድ መጥቶ አሮጌውን ሊያባርር ሲታገል፣ በጡንቻው ብቻ ነገሩን አይጨርስም፤ ሴቶቹ የሚደግፉትና የሚቀበሉት መሆን አለበት። ዳርዊን ይህን ቢያይ እጅግ ደስ ባለው ነበር።

መቶ ዓመት የዘገየ ፍርድ

የወንዶች ውጊያ የሚለውን ክፍል የዘመኑ ሊቃውንት በቶሎ ተቀበሉት። የሴቷ ምርጫ የሚለውን ግን አልተቀበሉትም። የተፈጥሮን ምርጫ ሐሳብ ከዳርዊን ጋር በአንድ ዘመን ያገኘው አልፍሬድ ዋላስ እንኳ ወፍ ውበትን ለይታ ትመርጣለች መባሉን ነቀፈ። ዶሮ ምን ዓይነት ጣዕም አላት? ሴት ሐሳቧን በየጊዜው ትለውጣለች፤ እንዴት ለዘመናት አንድ ነገር ልትመርጥ ትችላለች? የሚሉ ነበሩ። እንዲህም ሆኖ ሐሳቡ መቶ ዓመት ያህል በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቆየ።

ፍርዱ የተሰጠው ከጎረቤታችን ከኬንያ ሜዳ ነው። ዳርዊን በመጽሐፉ አንዲት ሴት ወፍ ባሏ ረጅም ጅራቱን ባጣ ጊዜ እንደምትተወው ጠቅሶ ነበር። ማልቴ አንደርሰን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ ይህንኑ ወፍ መረጠ፤ ወፉም በመግቢያችን ያነሣነው የክረምቱ ባለ ጅራት ወፍ የቅርብ ዘመድ ነው። 36 ወንዶች ይዞ የአንዳንዶቹን ግማሽ ሜትር ያህል የሚረዝም ጅራት ቆረጠ፤ የተቆረጠውንም በሌሎቹ ጅራት ላይ በሙጫ ቀጠለው። ቀሪዎቹን እንዳሉ ተዋቸው። ከዚያም በየወንዱ ይዞታ ስንት ሴቶች ጎጆ እንደሚሠሩ ቆጠረ። ጅራታቸው የተቀጠለላቸው ከሁሉ የበለጡ ሴቶች አገኙ። በ1982 ይህ ውጤት በታተመ ጊዜ ሴቷ ከሣሩ ውስጥ ቁጭ ብላ በከንቱ እንዳልተመለከተች ዓለም አመነ። ሐሳቡን ያፈነው ማስረጃ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ሴት መራጭ መሆኗን ለማመን የወንዶቹ ልብ አለመፍቀዱም ነበር።

የሊቁ ጉድለት

አድናቆታችን ግን ዓይናችንን አይሸፍነውም። ዳርዊን ለወፍ የሰጠውን ለሴት ልጅ ሙሉ አድርጎ አልሰጠም። በዚያው መጽሐፍ ወንድ በአእምሮ ከሴት እንደሚበልጥ ጽፏል፤ በሰው ዘንድም መራጩ ይበልጡን ወንዱ እንደ ሆነ ተናግሯል። በዘመኑ እንግሊዝ ለሴቶች ልጆች የከፍተኛ ትምህርት በር ተዘግቶ ሳለ፣ ያልተማረችው አላወቀችም ብሎ መፍረዱ የሊቅ ፍርድ አልነበረም። የሚደንቀው ዋላስ በዚህ በኩል ቀድሞት መገኘቱ ነው፤ ለወፍ ምርጫን የከለከለው ይህ ሰው በ1890 ሴቶች ለእንጀራ ሲሉ ማግባት ከቀረላቸውና ነፃነት ካገኙ ምርጫቸው የሰውን ልጅ ያሻሽላል ብሎ ጽፏል።

በእንግሊዝ ሊቃውንት ይህን ሲከራከሩ በጉራጌ ምድርም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት የምትባል ሴት፣ ባልን በፈቱ ጊዜ እንኳ የማይለቀውን የጋብቻ ልማድና ወንዶች በሚስት ላይ ሚስት ማግባታቸውን በመቃወም ሴቶችን አስተባብራ በሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ተከራክራለች። ታሪኳ በቃል ሲወርድ ቆይቶ በዘመናችን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ታይቷል። ወርድወት ስለ ጣዎስ ጅራት አልሰማችም፤ የጠየቀችው ግን ከዳርዊን መጽሐፍ የጎደለውን ነው።

ሕጋችንም ወደዚሁ በዝግታ መጥቷል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጅ የጠለፈ ሰው ኋላ በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶለት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተ ሰብ ሕግ ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ፣ ዕድሜያቸውም 18 ዓመት ሳይሞላ፣ ጋብቻ እንዳይፈጸም ደነገገ፤ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም የጠላፊውን ቀዳዳ ዘጋው።

የመጨረሻ ዘመኑ

ዳርዊን ከጉዞው ከተመለሰ በኋላ ጤና አጥቶ ኖረ፤ ሥራውን ግን አላቆመም። በስተርጅና የያዘው ጥናት ስለ ምድር ትል ነበር። ትሎቹ ይሰሙ እንደ ሆነ ለማወቅ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ኤማ ፒያኖ መታችላቸው፤ ልጁ ፍራንሲስ ባሱን የሚባለውን ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው፤ የልጅ ልጁም ፉጨት አፏጨላቸው። ትሎቹ ግን ምንም አልሰሙም። ብርሃንን እጅግ የሚፈራው ይህ ትል ለመጋባት በተገናኘ ጊዜ ግን ፍርሃቱን ለጥቂት ጊዜ እንደሚረሳ ዳርዊን ጽፏል። መጽሐፉ በ1881 ወጣ።

በ1882 ሚያዝያ 19 ቀን ዳርዊን በቤቱ፣ በኤማ አጠገብ፣ በ73 ዓመቱ ሞተ። የእንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ከኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። ኤማም ከእርሱ በኋላ 14 ዓመት ኖራ በ1896 ዐረፈች።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ተማሪውና ወጣቱ ሹም ምን ይወስዳል? እንስሳ እንዲህ ስለሚያደርግ ሰውም እንዲሁ ያድርግ ማለታችን አይደለም፤ ሰው ከጭላዳም ከባርናክልም ሕግ አይቀዳም። ዳርዊን ያስተማረን ሌላ ነው። አንድ ነገር በዓይናችን ፊት በየክረምቱ ሲደረግ እያየን ልባችን ስላልፈቀደው ብቻ ሳናየው ልንቀር እንችላለን። ሴቷ ወፍ ሁልጊዜ ትመርጥ ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነን። እንዲሁም ሽማግሌ በሚላክበት፣ ጥሎሽ በሚቆረጥበት፣ ዘመድ ከዘመድ ጋር በሚነጋገርበት ቤት ውስጥ ከጓዳ ሆና የምትሰማ ልጅ አለች። ላግባ ወይስ ልቅር ብሎ በሁለት ወገን ሒሳብ የሚጽፍ ወጣት ሁሉ ዳርዊን የዘነጋውን ሦስተኛ ወገን ለእርሷ መልስ ይተውላት። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የጋብቻ መዝገብ የሚያስፈርመው ሹምም ብዕሩን ከመስጠቱ በፊት ቀና ብሎ ፊቷን ይመልከት።